በቢሮ ፍሪጅ የከረመ ገንፎ

ማፈር እንደ ሥራ የሚቆጠር ቢሆን ኖሮ እኔ ይኼኔ ጡረታ ወጥቼ ነበር። ልጅ ሳለሁ ሰርግ ላይ እስክስታ ስወርድ ሱሪዬ ተተርትሮ አፍሬያለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የማላውቃትን ልጅ ከኋላ አቅፌ በሌላ ስም ጠርቼ አፍሬያለሁ። እነዚህ ግን ቀስ በቀስ የሚለቁ ናቸው፤ ዛሬ ሳወራቸው እኔም አብሬ እስቃለሁ። አልለቅ ያለኝ አንዱ ብቻ ነው፣ እሱም የገንፎው ነው። እንዴት ሰው በገንፎ ያፍራል ትሉ ይሆናል። እኔ አፍሬያለሁ፤ ያውም በመንግሥት ቢሮ፣ ከአዲስ አበባ በመጡ እንግዶች ፊት።

ነገሩ የሆነው አሶሳ ነው። ክልሉ ገና መቋቋሙ ነበር። ማኅተማችን አዲስ፣ ራስጌው የታተመበት ወረቀታችን አዲስ፣ እኛም ለሥራው አዲስ። ያረጀ ነገር ቢኖር የምንቀመጥበት ወንበር ነው። እኔ ከጎጃም የሄድኩ የኬሚስትሪ ምሩቅ ስሆን፣ ለኬሚስትሪ የሚሆን መደብ ስላልተገኘ የንግድ ፈቃድ ክፍል አስቀመጡኝ። ቅጽ እሞላለሁ፣ ቴምብር እለጥፋለሁ፣ ማኅተም እመታለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ስለ ሞለኪውል የተማርኩት ለዚህ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

የተከራየሁት ክፍል ከእማማ ሐዋ ግቢ የሚለየው በአንድ የቀርከሃ አጥር ብቻ ነበር። እማማ ሐዋ የበርታ ሴት ናቸው፤ ባላቸው ሞተው፣ አንድ ወንድ ልጃቸው ለንግድ ብሎ ሱዳን፣ ደማዚን ሄዶ እዚያው ቀርቶ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ። እኔ ከተማው በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ወባ ጣለኝ። ማቃሰቴን በአጥሩ ሰምተው ኖሮ፣ መለስ ሲልልኝ ሰማያዊ አበባ የተሣለበት ክዳናም ሳህን ይዘው መጡ።

"ያ ወለዲ፣ አንተ ብቻውን ነው። ሚስት የለም፣ እናት ሩቅ ነው። ብላ" አሉኝ፤ ያ ወለዲ ማለታቸው ልጄ ሲሉ ነው።

ክዳኑን ከፈትኩት። የማሽላ ገንፎ ነው፤ ቀላ ያለ፣ ላላ ያለ፣ ከላዩ የባሚያ ወጥ የፈሰሰበት። ባሚያን የማያውቅ አንባቢ ካለ ልንገረው፤ ማንኪያ ነክረህ ስታነሳ ወጡም እንደ ክር እየተመዘዘ አብሮ ይነሳል። ማንኪያው አፍህ ጋ ደርሶ ክሩ ገና ከሳህኑ አልተላቀቀም። እኔ ደግሞ የሚያዳልጥ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ጉሮሮዬ አይወስድልኝም። ተልባ እንኳ ስጠጣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው። ክሩን አየሁና ክዳኑን መልሼ ዘጋሁት።

እንግዲህ ምን ላድርግ? እንደመጣ ልመልሰው? ነውር ነው። ልድፋው? እናቴ ያሳደገችኝ መሬት የወደቀ ቁራሽ እንጀራ አንስቼ፣ ስሜ፣ ከፍ ያለ ቦታ እንዳስቀምጥ ነው፤ እህል መድፋት አልችልም። ልብላው? ያ ክር! የመንግሥት ሠራተኛ ውሳኔ ሲቸግረው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ጉዳዩን አቆየሁት።

ማቆያውም ቢሮ ነበር። ቢሮአችን ድሮ የአንድ ፕሮጀክት መጋዘን ነበር አሉ። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ መኪናውንም ጠረጴዛውንም ጭኖ ሲሄድ ፍሪጁን ግን ትቶት ሄደ፤ ከበሩ ይሰፋል። ቀድሞ በየት በኩል እንደገባ የሚያውቅ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ገንፎውን ከነወጡ ደባልቄ በባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ገለበጥኩና ወስጄ ከፍሪጁ በረዶ ክፍል ጥግ ሸጎጥኩት። ሳህኑን አጥቤ፣ ባዶውን እንዳይመለስ ስኳር ጨምሬበት ለእማማ ሐዋ አደረስኩ።

"ጣፈጠ?" አሉኝ።

"እጅ ያስቆረጥማል እማማ!" አልኳቸው።

ከዚያች ቃል ወዲህ የሆነው ሁሉ የእኔ ጥፋት ነው። ጣፈጠኝ የተባለ ሰው ይደገምለታል። በሦስተኛው ቀን ሳህኑ መጣ። በአምስተኛው ቀን መጣ። እኔም ጣሳ እየፈለግሁ እሸጉጣለሁ። መዝገብ ቤት የሚሠሩት ጋሽ ሰይድ፣ በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ የመጡ አዛውንት፣ አንድ ቀን ፍሪጁን ከፍተው አዩና፣ "ኧረግ! ይኼ ሁሉ ጣሳ ምን ጉድ ነው?" አሉኝ።

"ናሙና ነው ጋሽ ሰይድ።"

ናሙና የሚለውን ቃል ቢሮ ውስጥ ማንም ደፍሮ አይጠይቀውም። የፍሪጁን በር መልሰው ዘግተው ሄዱ።

በዚያን ጊዜ የአሶሳ መብራት በጄኔሬተር ነበር፤ አመሻሽ ላይ ይመጣል፣ ሰው ወደ መኝታው ሲል ይሄዳል። ስለዚህ የእኛ ፍሪጅ ማታ ያበርዳል፣ ቀን ደግሞ እንደ ማንኛውም ቁም ሣጥን ዝም ብሎ ይቆማል። የእኔም ገንፎ ማታ ድንጋይ ይሆናል፣ በማግስቱ ይሟሟል፣ ማታ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። በሦስተኛው ሳምንት ሸትቶ አጋልጦኝ እንዳይሆን ብዬ የመጀመሪያውን ጣሳ አውጥቼ ገለበጥኩት። የወጣው ነገር ገንፎ አልነበረም። የጣሳውን ቅርጽ እንደያዘ ጠረጴዛው ላይ ቆመ። በጣቴ ብጫነው ውሃውን ተፋና ጠፍጣፋ ሆነ፤ ስለቀው ውሃውን መልሶ ጠጣና እንደነበረው ሆነ። በቢላ ስቆርጠው ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ስፖንጅ! ቀላ ያለ፣ የባሚያ ፍሬ እዚህም እዚያም ጣል ጣል ያለበት ስፖንጅ።

አንባቢዬ፣ እዚህ ላይ ማፈር ነበረብኝ፤ እኔ ግን ደስ አለኝ። አንድ አስተማሪያችን በብርድ ስለሚሠራ ጄል ሲናገሩ ትዝ አለኝ፤ ክሪዮጄል ይሉት ነበር። ነገሩ ቀላል ነው። ገንፎ ሲበርድ በረዶ የሚሆነው ውሃው ብቻ ነው፤ ስታርቹ በረዶው ውስጥ ቦታ የለውም። እንደ ሰርግ ዳስ አስቡት፤ ሙሽሮች ሲገቡ ሰው ሁሉ ግድግዳው ላይ ተጣቦ ይለጠፋል። ስታርቹም በበረዶው ተገፍቶ ጥጉ ላይ ይጣበቅና እርስ በርሱ ይያያዛል። በረዶው ቀልጦ ሲወጣ ቦታው ባዶ ይቀራል፤ ቀዳዳው ማለት ያ ነው። ቀስ ብሎ የበረደው ሰፊ ቀዳዳ አለው፣ ቶሎ የበረደው ጠባብ። ደጋግሞ የበረደና የሟሟ ይጠነክራል። አስተማሪያችን ከሌላ ከሌላ ነገር የተሠራው ለቁስል መሸፈኛ፣ ለውሃ ማጣሪያ፣ ለችግኝ ውሃ መያዣ ይሆናል ብለውን ነበር። ይኼን ሁሉ ለመሥራት በየቀኑ ማብረድና ማሟሟት ያስፈልጋል። ሌላው አገር ለዚህ መሣሪያ ይገዛል፤ እኛ የአሶሳ ጄኔሬተር ነበረን።

ሽታው እንዳይመጣ አጠብኩት፣ ጨመቅኩት፣ ትንሽ በረኪና ባለው ውሃ ዘፈዘፍኩት። ከዚያ ቆርጬ ሥራ አስጀመርኩት። መጀመሪያ ለቴምብር ማርጠቢያ አደረግሁት፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ቴምብር የምናረጥበው በምላሳችን ነበርና ሠራተኛው መረቀኝ። ደግሞ በእሱ የረጠበ ቴምብር አንዴ ከተለጠፈ በምላጭም አይነሳም፤ ስታርች አለበታ። ሁለተኛውን ጋሽ ሰይድ ወገባቸውን ስለሚያማቸው ወንበራቸው ላይ አነጠፉት። "አብሽር! አላህ እጅህን ይባርከው" አሉኝ። ኃላፊያችንን ወባ የጣላቸው ቀን ደግሞ ጠዋት ገና ሳይሟሟ ከፍሪጁ ቀዝቃዛውን አውጥቼ ግንባራቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ከሰዓት በኋላ ትኩሳቱ ሲበርድላቸው ዓይናቸውን ገልጠው፣

"ይኼ ከምንድን ነው የተሠራው?" አሉኝ።

"ከአካባቢ ጥሬ ዕቃ ነው" አልኩ።

ውሸት አልነበረም። ለዚህም ነው ይበልጥ የማፍረው። ኃላፊያችን ከተኙበት ቀና አሉ። "በአካባቢ ጥሬ ዕቃ! በክልላችን! ሐምሌ ላይ ከአዲስ አበባ ለሚመጡት እንግዶች እናሳያለን። በርከት አድርገህ ሥራ!"

በርከት አድርጌ ልሥራ፤ ግን ገንፎውን ከየት ላምጣ? እኔ ውሃ ከማፍላት ያለፈ ሙያ የለኝም። የቀረኝ መንገድ አንድ ነበር፤ እማማ ሐዋን ማሞገስ። ሳህኑን ስመልስ፣ "እማማ፣ እንዲህ ያለ ገንፎ በሕይወቴ በልቼ አላውቅም፤ ትንሽ ቢበዛ እንኳ አልጠግበውም" አልኳቸው። ፊታቸው በራ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳህኑ በየቀኑ፣ ያውም እስከ ክዳኑ ሞልቶ ይመጣ ጀመር። እኔም በየቀኑ "እጅ ያስቆረጥማል" እላለሁ፣ በየቀኑ ጣሳ እሞላለሁ። እስከዚያ ድረስ አንዲት ማንኪያ እንኳ አልቀመስኩም። ይኼን ስጽፍ ጆሮዬ ይግላል።

አንድ ቀን ማለዳ እማማ ሐዋ ሳህኑን ሰጥተውኝ አልሄዱም፤ ቆሙ። የሚከናነቡትን ታውብ ትከሻቸው ላይ አስተካክለው፣ "ያ ወለዲ፣ አንተ ትልቅ አገር አየ፣ ትልቅ ቤት በላ። አንተ እንዲህ ከወደደ ሌላ ሰውም ይወዳል። ገበያ ጋ ትንሽ ቤት አለ። ገንፎ ቤት ልክፈት እኔ?" አሉኝ።

ምን ልበል? "ይክፈቱ እማማ!" አልኩ። ማመልከቻቸውን ራሴ ጻፍኩላቸው። ቅጹ ላይ የባለሙያ አስተያየት የሚል ቦታ ነበረው፤ "ምርቱ ጥራት ያለውና በጣም ተፈላጊ መሆኑን በተግባር አረጋግጫለሁ" ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። እማማ ሐዋ ጽሑፉን ማንበብ አይችሉም፤ አነበብኩላቸው። "በተግባር" የሚለውን ሁለቴ አስደገሙኝ። ከዚያ ሄደው ሦስት ትልልቅ ድስት ገዙ፤ ለዚያ ሲሉ ፍየላቸውን እንደሸጡ የሰማሁት በኋላ ነው።

ሐምሌ ገባና እንግዶቹ መጡ። ኃላፊያችን በነጭ ጨርቅ በተሸፈነ ጠረጴዛ ላይ ስፖንጆቼን በትልቅና በትንሽ አስደርድረው፣ ከፊታቸው "የክልላችን ፈጠራ" የሚል ወረቀት አቆሙ። ቴምብር ማርጠቢያው በአንድ በኩል፣ ግንባር ማቀዝቀዣው በሌላ በኩል። የጋሽ ሰይድ መቀመጫ ሥራ ላይ ስለነበረ አልቀረበም። የእንግዶቹ መሪ መነጽር ያደረጉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ትልቅ ሰው ነበሩ። አንዱን አንስተው ጨመቁ፣ ለቀቁ፣ ተመልሶ ሲነፋ አይተው ሳቁ። እኔም ስለ በረዶው፣ ስለ ቀዳዳው፣ ስለ ቁስል መሸፈኛው አስረዳሁ። ከዚያ ቀን በፊት እንደዚያ በኩራት ተናግሬ አላውቅም፤ ከዚያም በኋላ አልተናገርኩም።

ያን ቀን ባለጉዳይ እንደማንቀበል ማስታወቂያ ለጥፈን ነበር። እማማ ሐዋ ግን ማንበብ አይችሉም። ማመልከቻቸውን እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ አቅፈው ገቡ። እኔን ሲያዩ ፈገግ አሉ። ኃላፊያችን ሕዝቡ ወደ መንግሥት እንዴት እንደሚቀርብ ለእንግዶቹ ለማሳየት፣ "ይግቡ እናቴ፣ ይግቡ!" ብለው ጠሩአቸው። "እኚህ እናት ለንግድ ፈቃድ ነው የመጡት። አሁን እዚሁ ቴምብራቸውን በራሳችን ፈጠራ አርጥበን እንለጥፍላቸዋለን" አሉና ማመልከቻውን ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ስፖንጁን አነሱ።

እማማ ሐዋ ስፖንጁን አዩት። ጠጋ አሉ። ከኃላፊያችን እጅ ቀስ ብለው ተቀበሉና በጣታቸው ገፋ ገፋ አደረጉት። ከቀዳዳው አንድ የባሚያ ፍሬ በጥፍራቸው ፈልቅቀው አወጡና በመዳፋቸው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ አሸተቱት።

"ይሄ ገንፎ ነው" አሉ። "እኔ ሠራ።"

ኃላፊያችን ሳቅ ለማለት ሞከሩ። እማማ ሐዋ ወደ እኔ ዞሩ።

"በረኪና ይሸታል። እህል በረኪና አጠጣ አንተ?"

ከጀርባዬ ጋሽ ሰይድ ከወንበራቸው በርግገው ሲነሱ ሰማሁ። "አስተግፊሩላህ! እህል ላይ ነው እንዴ ሁለት ወር የተቀመጥኩት!" ኃላፊያችን ሳያስቡት ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። የእንግዶቹ መሪ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱ። እማማ ሐዋም አብረው ተመለከቱ፤ ትልቁን፣ ትንሹን፣ ክቡን፣ የተቆረጠውን። እየቆጠሩ መሰለኝ።

"ያ ወለዲ፣ ሁሉም እዚህ ነው?" አሉኝ። አቀረቀርኩ። "አንድ ቀን አልበላም?"

እንዳልበላሁ ራሴን ነቀነቅሁ። ማመልከቻቸውን ከጠረጴዛው አንስተው አራት ቦታ አጠፉት፤ "ሰው አይበላም ገንፎ፣ ፈቃድ ምን ያደርጋል" አሉና አንዱን ስፖንጅ በታውባቸው ጫፍ ጠቅልለው ወጡ።

እንግዶቹ እንዴት እንደተሸኙ አላውቅም። ኃላፊያችን ምን እንዳሉኝ አውቃለሁ፤ ግን አልጽፈውም። የጋሽ ሰይድ ንግግር ነው ከሁሉም የባሰብኝ። ጠጋ ብለው በቀስታ፣ "አንተ ልጅ፣ በሐምሌ የማን ጎተራ ሞልቶ ታውቃለህ? አዲሱ እህል የሚደርስ እኮ ገና ነው። ከአፋቸው እየነጠቁ ነው ሲልኩልህ የከረሙ" አሉኝ። ቁጡ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ በወደድኩ።

ከሰዓት በኋላ ወደ እማማ ሐዋ ግቢ ሄድኩ። ሦስቱ አዳዲስ ድስቶች ግድግዳው ሥር ተደፍተዋል። ስፖንጁ አጥሩ ላይ ተሰክቷል።

"ወፍ እንኳ አልበላም" አሉኝ ወደ እሱ እያመለከቱ።

"እማማ፣ ገንፎ ካለ ይስጡኝ" አልኩ።

ገብተው ለራሳቸው ካስቀመጡት ትንሽ፣ ክዳን በሌለው ተራ ጣባ አቀረቡልኝና ፊት ለፊቴ ቆሙ። ማንኪያውን ነከርኩ፤ ክሩ ተነሳ። ዓይኔን አልጨፈንኩም፤ ይኼን ያህል እንኳ ዕዳ አለብኝ ብዬ። ጎረስኩ።

ይጣፍጣል። ምን ዋጋ አለው፣ ይጣፍጣል! ኮምጠጥ ያለ፣ ቃሪያው ከኋላ የሚመጣ፣ ያ የፈራሁት ክር ጉሮሮ ላይ ሳያስቸግር ሹልክ የሚል። ሁለት ወር ሙሉ በረኪና ውስጥ ስዘፈዝፈው የከረምኩት ይኼን ነው። ሁለተኛውን ስጎርስ እንባዬ መጣ፤ በቃሪያው አሳበብኩ። ጣባውን ጠርጌ ጨረስኩና በኪሴ ካመጣሁት አዲስ ማመልከቻ ጋር ሰጠኋቸው። ቴምብሩን በገዛ ምላሴ አርጥቤ ለጥፌው ነበር።

"የጻፍኩት አሁን እውነት ሆነ እማማ" አልኩ።

ወረቀቱን አገላብጠው አዩና ተቀበሉኝ።

የእማማ ሐዋ ገንፎ ቤት አዲሱ እህል እንደደረሰ ተከፈተ። ከባምባሲ የሚመጡ ነጋዴዎች ቆመው ይበሉ ጀመር። ኃላፊያችን በሳምንት ሦስቴ ይሄዳሉ፤ ጋሽ ሰይድማ አንድ ጥግ በስማቸው ተይዞላቸዋል። እኔም እሄዳለሁ፤ ተሰልፌ፣ እንደማንኛውም ሰው በተራ ጣባ እበላለሁ። እማማ ሐዋ ሰላም ይሉኛል፣ ይጨምሩልኛልም። ሰማያዊ አበባ ያለበት ሳህን ግን ወደ ቤቴ መጥቶ አያውቅም።

በዓመቱ ከጎኔ ያለውን ክፍል አንድ አዲስ ባለሙያ ተከራየ፤ ከወለጋ የመጣ፣ ትሁት ወጣት። በገባ በሳምንቱ በር ላይ ተቀምጬ ሳለ ሳህኑን አየሁት። እማማ ሐዋ በሁለት እጃቸው ይዘውት በእኔ በር አለፉና የሱን በር አንኳኩ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ወጣቱ ሳህኑን እንደተከደነ ይዞ ወደ እኔ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"ጋሼ፣ እናንተ ቢሮ ፍሪጅ አለ ሲሉ ሰማሁ፤ ይሠራል?" አለኝ።

"ቁጭ በል" አልኩት። ማንኪያ ሰጠሁት። "መጀመሪያ ቅመስ።"

እውነቱን ልናገር፤ እንዳይወደው ጸለይኩ። ካልወደደው ሳህኑ ለእኔ ይተርፋል። ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ማንኪያ ጎረሰ። ዓይኑን ገለጠ። ሁለተኛ ጎረሰ። ከዚያ ወዲያ ጨርሶ እስኪነሳ ቀና ብሎ አላየኝም።

"ሳህኑን እኔ ላድርስልህ" አልኩት። አጠብኩት፣ ስኳር ጨመርኩበት፣ በአጥሩ ዞሬ ለእማማ ሐዋ አቀረብኩላቸው። ክዳኑን ከፍተው አዩ።

"ጣፈጠ አለ?" አሉኝ።

"በጣም ጣፈጠው እማማ፤ ምንም አላስተረፈም።"

ሳህኑን ከእጄ ተቀበሉ። በቁጣም አይደለም፣ በሳቅም አይደለም፤ እንዲያው ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነው የተናገሩት።

"አንተ አይደለም" አሉኝ። "እሱ ራሱ ይምጣ፣ እሱ ይንገረኝ።"

ሄጄ ጠራሁት።